መቀስና ጥላ
(የሎተ ራይኒገርን የሥራ ዘመን የሚመለከት ሂስ)

ባለፈው ወር በአዳራሹ ውስጥ ነጭ አንሶላ ዘርግተን ያየነው ፊልም ካለቀ በኋላ ክርክሩ እስከ መሸ ድረስ እንደ ቀጠለ በቦታው የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ከፊሎቻችን «ይህ የሕፃናት ጨዋታ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችን የሚያነጋግር ነገር የለበትም» አሉ። ሌሎች «እንዲህ ያለ የእጅ ጥበብ ከዚህ በፊት አላየንም» ብለው ተከራከሩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ግን «ክፉው ሰው ለምን አፍሪካዊ ሆነ?» ሲል ሁላችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሦስት ሐሳቦች በየተራ መመርመር ነው።

ፊልሙ «የልዑል አሕመድ ጀብዱ» ይባላል። የሠራችው ሎተ ራይኒገር የተባለች ጀርመናዊት ስትሆን፣ በርሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1926 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።) ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ያህል ነው። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1917 ኪሪኖ ክሪስቲያኒ የተባለ ሰው በአርጀንቲና አንድ ረጅም የካርቱን ፊልም ሠርቶ ነበር፤ ያ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ዛሬ ተቀምጠን ልናያቸው ከምንችላቸው ረጃጅም የካርቱን ፊልሞች ሁሉ የራይኒገር ይቀድማል። ብዙ ሰው የመጀመሪያው እርሱ ነው ብሎ የሚገምተው የዋልት ዲስኒ «ስኖው ኋይት» የወጣው በ1937፣ ማለትም ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው።

ራይኒገር በ1899 በርሊን ውስጥ ተወለደች። ገና በልጅነቷ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች የሰውና የእንስሳ ቅርጽ ታወጣ፣ ቤት ውስጥም የጥላ ቴአትር ታሳይ ነበር። በ1915 ፓውል ቬገነር የተባለው ተዋናይና የፊልም ሰው ስለ ፊልም ተአምራዊ ችሎታ ያደረገውን ንግግር ሰማች፤ ከዚያ ወዲያ ልቧ ከፊልም ሌላ አልፈለገም። ወደ ማክስ ራይንሃርት የቴአትር ትምህርት ቤት ገብታ ከመድረክ ጀርባ ቆማ የተዋንያኑን መልክ በመቀስ ትቆርጥ ጀመር። ቬገነርም ይህን አይቶ የፊልሞቹን ጽሑፎች በጥላ ሥዕል እንድታስጌጥለት ጠየቃት። በ1918 ስለ ሐመልን ዋሽንት ነፊ በሠራው ፊልም የአይጦቹ ጉዳይ አስቸገረ። ሕያዋኑ እንስሳት የታዘዙትን አንፈጽምም ቢሉ፣ ከእንጨት የተሠሩ አይጦች ጥቂት በጥቂት እየተንቀሳቀሱ እንዲቀረጹ ያደረገች እርሷ ናት። በ1919 በበርሊን የባህል ምርምር ተቋም የመጀመሪያዋን የጥላ ፊልም ሠራች። እዚያው ካርል ኮኽን አገኘችና በ1921 ተጋቡ። እርሷ ትቆርጣለች፣ ታንቀሳቅሳለች፤ እርሱ ካሜራውን ይይዛል። ይህ ጓደኝነት እርሱ በ1963 እስኪሞት ድረስ ቆየ።

ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። በጠረጴዛ ላይ መስተዋት ይደረጋል። ከመስተዋቱ ሥር መብራት ይበራል፤ ከበላዩ ካሜራው ወደ ታች እንዲያይ ሆኖ ይሰቀላል። በመስተዋቱ ላይ ስስ ወረቀት እየተደራረበ ሰማዩ፣ ተራራውና ቤተ መንግሥቱ ይሠራል፤ አንድ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል፣ ሦስትና አራት ሲደራረብ ይጨልማል። ሰዎቹ የሚቆረጡት ከጥቁር ካርቶንና ከስስ የእርሳስ ማዕድን ነው። አንገቱ፣ ክንዱ፣ ክርኑ፣ ወገቡና ጉልበቱ ለየብቻ ተቆርጠው በቀጭን ሽቦ ይጋጠማሉ። ከዚያ ክንዱን የፀጉር ስፋት ያህል ማንቀሳቀስ፣ አንድ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ እንደገና ማንቀሳቀስ፣ እንደገና ማንሣት ነው። ለአንድ ሰከንድ ሃያ ሥዕል ብቻ ብናስብ እንኳ ለአንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ 78,000 ሥዕል ይሆናል። ሥራው ከ1923 እስከ 1926 መፍጀቱ አያስደንቅም።

ወጪውን የቻለው ሉዊስ ሃገን የተባለ የባንክ ባለቤት ነው። የጀርመን ገንዘብ በየቀኑ በሚረክስበት በዚያ ወራት ገንዘቡን ወደ ጥሬ ፊልም ለውጦ አስቀምጦ ነበርና ያን ፊልም ለእርሷ ሰጣት፤ ፖትስዳም ባለው ቤቱ ከመኪና ማቆሚያው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍልም ለቀቀላት። ቫልተር ሩትማንና ቤርቶልድ ባርቶሽ በአስማቱ፣ በእሳቱና በባሕሩ ረዷት፤ ቮልፍጋንግ ጼለር ሙዚቃውን ደረሰ። ሥዕልን በተደራራቢ መስተዋት ላይ አስቀምጦ ቅርቡንና ሩቁን ለይቶ ማሳየት ዲስኒ በ1930ዎቹ ማብቂያ በትልቅ መሣሪያ ታወቀበት፤ በዚያች ጣሪያ ሥር ግን ከዐሥር ዓመት በፊት በእጅ ተሠርቶ ነበር።

ራይኒገርን በሥራ ላይ ሆና የሚያሳይ በ1970 የተቀረጸ አጭር ፊልም ስናይ አብረውን የነበሩ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ «ልብ በሉ ልጆቼ፤ መቀሱን እኮ አታዞረውም፤ የምታዞረው ወረቀቱን ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። እኛ በዓይናችን ሥር ያለፈውን የባለሙያ ዓይን ያዘው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ሐሳብ እንምጣ። ሁላችንም በልጅነታችን በኩራዝ ብርሃን ፊት ጣታችንን አጣምረን ግድግዳ ላይ ውሻና ወፍ አውጥተናል። ስለዚህ የጥላ ፊልም ስናይ ልጅነታችን ቢመጣብን ተገቢ ነው። ይሁንና ጨዋታውና ጥበቡ የሚለያዩበት ድንበር አለ። ጥላ ፊት የለውም። ዓይኑ አያለቅስም፣ ከንፈሩ አይስቅም፣ ግንባሩ አይኮሳተርም። ደስታም ሆነ ኀዘን፣ ማታለልም ሆነ ፍርሃት በአንገት መዘንበል፣ በጣት መዘርጋት፣ በወገብ መታጠፍ ብቻ መነገር አለበት። ሕያው ተዋናይ አንድ ነገር ቢሳነው በድምፁ ይሸፍነዋል፣ በዓይኑ ያካክሰዋል። የካርቶን ሰው የሚያካክስበት ነገር የለውም። ራይኒገር ራሷን ከባድ ግዴታ ውስጥ አስገብታ ከዚያ ውስጥ ነፃነት አወጣች ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ አብነት የሚሆነን በ1922 የሠራችው «ሲንደሬላ» ነው። ፊልሙ ሲከፈት እጅና መቀስ ይታያሉ፤ ልጅቱ ከወረቀቱ ተቆርጣ በዓይናችን ፊት ትወለዳለች። ቆይቶ ከእንጀራ እናትዋ ልጆች አንዷ ጫማው አልገባ ሲላት እግሯን ትቆርጣለች። ሕይወት የሰጠው ስለት አሁን አካል ያጎድላል። ይህን የሚያህል ሐሳብ ያለ አንድ ቃል ማስተላለፍ ሕፃናትን ብቻ የማጫወት ሥራ አይደለም።

ሁለተኛውን ሐሳብ፣ ጥበቡን ያደነቀውን ወገን፣ በመሠረቱ እንስማማበታለን። ነገር ግን አድናቆት ዓይንን መጋረድ የለበትም። ልዑል አሕመድ በሚበር ፈረስ ተጭኖ ዋቅ ዋቅ ደሴት ይደርሳል፤ እዚያ ፔሪ ባኑ የላባ ልብሷን አውልቃ ስትታጠብ ያያል፤ ልብሷን ይወስድና እርሷንም ይዞ ይሄዳል። ፊልሙ ይህን ፍቅር ይለዋል። በአዳራሹ የነበሩ እኅቶቻችን «ይህማ ጠለፋ ነው» ብለው ሲያጉረመርሙ ወንዶቹ ሳቁ። መሳቃችን አላኮራንም። ፔሪ ባኑ ፍርሃቷን በመላ አካሏ እየተናገረች ነበር፤ ራይኒገር እንዲታየን አድርጋ ቆርጣዋለች። ታሪኩ ወደ ሠርግ ቢቸኩልም የሴቲቱ ክንድና አንገት ሌላ ነገር ይመሰክራሉ። በዚህ ቦታ እጇ ከተረቱ ቀድሟል እንላለን።

አሁን የወጣቱን ጥያቄ እንመርምር። አስማተኛው በፊልሙ ውስጥ የሚጠራው «አፍሪካዊው አስማተኛ» ተብሎ ነው። ሐሳቡ ከራይኒገር አልጀመረም፤ በ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» የአላዲን ጠላት ከአፍሪካ የመጣ አስማተኛ ነው። ይህ ግን ነገሩን አይዘጋውም። በጥላ ፊልም ውስጥ ሁሉም ሰው ጥቁር ነው። ልዑሉም ጥቁር፣ ከሊፋውም ጥቁር፣ ፔሪ ባኑም ጥቁር ናት። ስለዚህ አፍሪካዊውን ከሌላው የለየው ቆዳው ሊሆን አይችልም። የለየው መቀሱ ነው። ለልዑሉ ቀጥ ያለና ለስላሳ መስመር ተሰጠው፤ ለአስማተኛው የቆለመመ አፍንጫ፣ እንደ ሸረሪት የሚዘረጋ ጣት፣ የጎበጠ ጀርባ። አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረበት በዚያ ዘመን የአውሮፓ ተመልካች ይህን ቅርጽ አይቶ «አዎን፣ እንዲህ ናቸው» ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችል ነበር። ይህ ጉድለት ነው፤ በጥበቡ ማማር አይሰረዝም።

ራይኒገር መልክና ጠባይ አንድ አለመሆናቸውን ታውቅ እንደ ነበር ደግሞ ፊልሙ ራሱ ይመሰክርባታል። የእሳት ተራራዋ ጠንቋይ ከሁሉም የከፋ መልክ አላት፤ ግን ልዑሉን የምትረዳው፣ ፔሪ ባኑንም ለማዳን ከአስማተኛው ጋር የምትዋጋው እርሷ ናት። አንዱ አንበሳ፣ አንዷ እባብ፣ ቀጥሎ ጊንጥና አውራ ዶሮ እየሆኑ የሚፋለሙበት ክፍል በአዳራሹ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም ከመቀመጫው ያስነሣ ነበር። ለመልከ ክፉዋ ጠንቋይ መልካም ልብ መስጠት የቻለ መቀስ ይህን ጸጋ ለአፍሪካዊው ነፈገው። ያዘንነውም ስለዚህ ነው፤ አለማወቅ ቢሆን ኖሮ ባላዘንን።

ሆኖም አንድ ነገር እንጨምር። ፊልሙ ሲጀምር አስማተኛው ብቻውን ቆሞ ቅርጽ ከሌለው ነገር በእጁ ቅርጽ ሲያወጣ፣ በመጨረሻም የሚበረውን ፈረስ ሲፈጥር እናያለን። ያለዚያ ፈረስ ልዑሉ ከአባቱ ግቢ አይወጣም፤ ታሪክም አይኖርም። ሕይወት የሌለውን ነገር በጣቱ አንቀሳቅሶ ሕይወት የሚሰጥ ሰው ማን ነው? ጣሪያ ሥር ተጎንብሳ ካርቶን የምታንቀሳቅሰው ሴት ራሷ አይደለችምን? ይህን አስባ ይሁን ሳታስብ፣ ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ የሙያ ወንድሟ እርሱ ነው፤ በመላው ፊልም እንደ እርሱ ሕያው ሆኖ የሚንቀሳቀስ ጥላ የለም። ወጣቱ ወንድማችን «ክፉው ለምን አፍሪካዊ ሆነ?» ብሎ ጠይቋል፤ እኛ ደግሞ «ፈጣሪው ለምን ክፉ ተባለ?» የሚለውን እናስከትላለን።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ራይኒገርና ኮኽ አገዛዙን አልፈለጉትም፤ ከወዳጆቻቸውም ብዙዎቹ የሚታደኑ ሰዎች ነበሩ። አገር ለቅቀው ለመውጣት ወሰኑ። ይሁንና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጣቸው አገር አላገኙም። ስለዚህ ቪዛው እስከ ፈቀደ ድረስ በአንድ አገር እየቆዩ፣ ሲያበቃ ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በኢጣሊያ ብዙ ዓመት አሳለፉ። ይህ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሆነ ለዚህች መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ሥራዋን የሚገመግሙ ሰዎች ከ«ልዑል አሕመድ» በኋላ ያን የሚያህል ረጅም የጥላ ፊልም አለመሥራቷን ያነሣሉ። እውነት ነው፤ አልሠራችም። ምክንያቱን በችሎታዋ ከመፈለጋችን በፊት ግን ሒሳቡን እንሥራ። ያ ፊልም ሦስት ዓመት፣ አንድ ጣሪያና አንድ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ጠይቋል። የወራት ቪዛ ይህን አይሰጥም። ስለዚህ ሥራዎቿ አጠሩ። በ1935 ሞዛርት ከደረሰው ኦፔራ ወፍ አዳኙን ወስዳ «ፓፓጌኖ»ን ሠራች። በ1938 ለእንግሊዝ ፖስታ ቤት የቁጠባ ባንክ ማስታወቂያ የሚሆን ተረት በጥላ ቆረጠች። በዚያው ዓመት ለሕዝብ በቀረበው የዣን ሬኗር «ላ ማርሴዬዝ» ውስጥ የጥላ ቴአትሩን ክፍል ሠራች። ከእነዚህ «ፓፓጌኖ»ን ከሥራዎቿ ሁሉ የተዋጣ አድርገን እናየዋለን። ተራኪ የለበትም፤ የወረቀቱ ሰው ከሙዚቃው ጋር ይተነፍሳል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሳቅም ተስፋ መቁረጥም አለበት። አጭር ፊልም የረጅም ፊልም ቁራጭ አለመሆኑን ያስተማረን ይህ ነው።

በክርክራችን ላይ አንድ ጓዳችን ከባድ ነገር አንሥቷል፤ «ዓለም ሲቃጠል ተረት መቁረጥ ምን ማለት ነው? በአገዛዙ ላይ አንድ ፊልም እንኳ አልሠራችም» ብሏል። የባሰም አለ። በጦርነቱ ማብቂያ የታመመች እናቷን ለማስታመም ወደ በርሊን ተመለሰች፤ እዚያም በ1944 በአገዛዙ ሥር ሆና የወርቃማዋን ዝይ ተረት ሠርታለች። እኛ በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ መያዝ አልቻልንም። ከመካከላችን «እናት ትቀድማለች» ያሉ አሉ፤ «ተረትም ቢሆን ለጨካኝ ጌታ ሲሠራ እንጀራ ብቻ አይደለም» ያሉም አሉ። ሁላችንም የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ የታመመች እናት ትቶ የወጣ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ፈጥኖ አይፈርድም።

በ1949 ለንደን ገባች። በ1953 የዚያ የባንክ ባለቤት ልጅ፣ እርሱም በወጣትነቱ ከናዚዎች አምልጦ እንግሊዝ የገባው፣ ከእርሷ ጋር የፊልም ድርጅት አቋቋመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቴሌቪዥን ከዐሥር የሚበልጡ አጫጭር ተረቶች ወጡ፤ ከእነዚህ አንዱ «ደፋሩ ትንሽ ልብስ ሰፊ» በ1955 ቬኒስ ላይ ተሸለመ። የመቁረጡ ጥበብ አልደከመም፤ እንዲያውም ቅጠሉና ጌጡ ረቅቋል። ጉድለቱ ሌላ ነው። በእነዚህ ፊልሞች ላይ ተራኪ ያለ ዕረፍት ይናገራል። ልጅቱ ስታዝን አንገቷ ይነግረናል፤ ተራኪውም «አዘነች» ይለናል። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲነገር ጥላው ከመናገር ወደ መታዘዝ ይወርዳል። በ1922 ያለ ድምፅ ያየነውን «ሲንደሬላ» በ1954 ለቴሌቪዥን ከተሠራው ጋር አስተያይቶ የሚያይ ሰው የምንለው ይገባዋል። ባሏ ከሞተ በኋላ ለዓመታት ሥራ አቁማ ቆየች፤ ከዚያም ከሰባ ዓመት ዕድሜ በኋላ በካናዳ በ1975 «ኦካሳንና ኒኮሌት»ን ሠራች። በ1981 ጀርመን ውስጥ ዐረፈች።

በመጨረሻ ስለ ፊልሙ ዕጣ እንናገር። በ1945 በርሊን በጦርነት ስትወድም የ«ልዑል አሕመድ» ዋናው ኔጌቲቭ ጠፋ። የሦስት ዓመት ድካም በዚያው ሊያበቃ ይችል ነበር። የክሪስቲያኒን ፊልም ያገኘው ዕጣ ይህን አላገኘውም፤ ምክንያቱም አንድ ቅጂ ቀደም ብሎ ተሻግሮ ለንደን በብሪታንያ የፊልም ቤተ መዛግብት ተቀምጦ ነበር። በ1998 እና በ1999 የፍራንክፈርት የፊልም ሙዚየም ያን ቅጂ መሠረት አድርጎ ፊልሙን ከነቀለሙ አደሰው። እኛ በአንሶላ ላይ ያየነው የዚያ ቅጂ ልጅ ነው። ዋናው ተቃጥሎ ቅጂው ዳነ።

ፍርዳችንን ለማጠቃለል፣ ሎተ ራይኒገር የወረሰችውን ተረት ሁልጊዜ አልመረመረችም፤ በዚህም አፍሪካዊውን በድላለች። በኋለኛው ዘመኗ ጥላው ብቻውን መናገር ሲችል ተራኪ እንዲናገርበት ፈቅዳለች። ነገር ግን ከአገር ወደ አገር ስትሻገር ይዛው የሄደችው ሙያ መቀስ፣ ካርቶን፣ ሽቦና መብራት ብቻ የሚፈልግ ነበር፤ በእነዚህም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሠርታለች። ይህ ሁሉ በእኛም መካከል ይገኛል። ወጣቱ ወንድማችን በጥያቄው ከልቡ ከሆነ፣ የሚበር ፈረስ የሚሠራ አፍሪካዊ በራሱ መቀስ ይቁረጥልን፤ አንሶላው አለ፣ እኛም እናያለን።

ይህችን መጽሔት በተመለከተም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ያለፈው ክረምት ዝናብ የሁለት እትሞችን ብቸኛ ቅጂ እንዳበላሸብን ታውቃላችሁ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ እትም ቢያንስ በሦስት ሰው እጅ ይገልበጥ፤ ቅጂዎቹም በአንድ ቤት አይቀመጡ። ጽሑፋችሁ የጠራ ወንድሞችና እኅቶች ስማችሁን ለአዘጋጆቹ ስጡ።